ወንድሜ የጨፈረበት ሎጅ

ሎጁ ውብ ነበር፤ ስለዚህስ አልዋሽም። ክፍሎቹ ከሐይቁ በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደርድረዋል። ድንኳን ይሏቸዋል፤ ግን እኔ ከተወለድኩበት ቤት ይሰፋሉ፤ ወለላቸው በእንጨት የተነጠፈ፣ መታጠቢያ ቤታቸው በመስታወት ወደ ጫካው የሚያይ ነው። አልጋው ላይ ነጭ አጎበር እንደ ሙሽራ ቬሎ ተንዠርግጓል። በረንዳው ላይ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሰው ታች ሜዳው ላይ የሜዳ አህዮች ሲግጡ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ጉማሬ ከውኃው ራሱን ብቅ ሲያደርግ ያያል። እንዲህ ያለ ቦታ ከዚያ በኋላ አላደርኩም። የሚከፍልልኝ ቢገኝም አላድርም።

የሄድኩት ለሥልጠና ነው። ያኔ መቱ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። አንድ የውጭ ድርጅት ልጃገረዶች ትምህርት እንዳያቋርጡ ምን ይደረግ የሚል ሥልጠና አዘጋጀና ከየዞኑ መምህራንና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰዎችን ጠራ። ስሜ ሲነበብ ያስደነገጠኝ መመረጤ ሳይሆን የቦታው ስም ነው። ሥልጠናው የሚሰጥበት ሎጅ ወንድሜ የሚሠራበት ነበር።

ወንድሜ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነው። ቱሪዝም ማኔጅመንት ተመርቆ መቱ በተመለሰ ሰሞን፣ ሶር ፏፏቴ አጠገብ የእንግዳ ማረፊያ ካልተሠራ ብሎ ያላንኳኳው ቢሮ አልነበረም። ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ ውኃው ከገደሉ ሲወረወር ያየ ሰው ለምን ይህን ትቶ ኬንያ ይሄዳል ይል ነበር። የቢሮ ሰዎች ያዳምጡታል፣ ጥሩ ሐሳብ ነው ይሉታል፣ ከዚያ ስብሰባ አለን ብለው ይነሣሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስቦ ፏፏቴውን ለማሳየት ቁልቁለቱን ያወርዳቸዋል። ዝናብ ሲጥል ጭቃው አያስወርድም፤ እኛ ጋ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ወር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራው እዚያው ቀረ። አንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ ወደ ደቡብ ሄደ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር ተነሥተው መቱ መናኸሪያ አካባቢ የሰው በረንዳ ላይ አንድ የልብስ ስፌት መኪና ተክለው ጀመሩ፤ ኋላ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የግማሹን ከተማ ልጆች ዩኒፎርም ሰፍተዋል። የወንድሜን የምረቃ ፎቶ አስተልቀው ከመተኮሻው በላይ ሰቅለውት ነበር። ልጁ ትልቅ ሎጅ ውስጥ ሥራ አገኘ ሲባል፣ ቆይቶም በስልክ "አሁን ኃላፊ አድርገውኛል" ሲላቸው፣ አባቴ በራሳቸው ሥልጣን ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙት። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣው ሁሉ ያወራሉ። ለኦሮሞው ደንበኛ በኦሮምኛ፣ ለወሎዬው በአማርኛ፣ ለአገራቸው ሰው በጉራግኛ ይነግራሉ። በሦስት ቋንቋ የተወራ ነገር ደግሞ መቱ ውስጥ እውነት ነው።

እኔ ወደዚያ እንደምሄድ ሲሰሙ ለሰው ሠርግ አስቀምጠውት የነበረውን ሱፍ ጨርቅ አውጥተው ኮት ሰፉለት። ልኩን የወሰዱት በሐሳባቸው ነው።

"እንግዳ ሲመጣ የሚቀበለው እሱ ነው" አሉኝ ኮቱን በጋዜጣ እየጠቀለሉ። "በሹራብ አይሆንም።"

እማዬ ማር በጠርሙስ አሸገች። "እንዳትነግሪው" አለችኝ። "ድንገት ሲያይሽ ደስ ይለዋል።" እኔም ደስ አለኝ፤ ወንድሜ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ ሲያየኝ የሚሆነውን መንገዱን ሁሉ እያሰብኩ ሄድኩ።

ከኢሉባቦር የሄድነው በአንድ መኪና ሆነን ነው፤ አብዛኞቻችን መምህራን ነን። መምህር ያልሆነው አንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነበር። የሠርጉን ሙሉ ልብስ የሰፉለት አባቴ ናቸው፤ ቤታችን ቡና ጠጥቷል፤ ወንድሜን ከሕፃንነቱ ያውቀዋል። ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ ዛሬም እንደዚያው። እዚህ ግን ከጀርባው ስለሆንኩ አንተ እለዋለሁ። በደሌን አልፈን፣ ጅማ አድረን፣ በማግስቱ ወደ ሙቀቱ ወረድን። ሹራባችንን አንድ በአንድ አወለቅን። ሰውዬው ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ግመሉንም ግንቡንም ይቀርጽ ነበር።

ሎጁ በር ላይ ነጭ ጓንት ያደረጉ ልጆች ፊታችንን የምንጠርግበት ቀዝቃዛ ፎጣና በረዶ ያለው ጭማቂ በትሪ ይዘው ጠበቁን። ከመኪናው ስንወርድ በጨዋ ደንብ አጎነበሱ። ወንድሜ ከመካከላቸው የለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ ስሙን ጠርቼ "ሥራ አስኪያጃችሁን ፈልጌ ነበር" አልኳት።

ልጅቷ አጠገቧ የተቀመጠውን ልጅ አየችው። ልጁ ኮምፒውተሩን ማየት ጀመረ።

"ሥራ አስኪያጃችን ሌላ ሰው ነው" አለችኝ። "ግን... እንዲህ የሚባል ልጅ አለ። ማታ ያገኙታል።"

"ዕረፍት ላይ ነው?"

"ማታ ያገኙታል" አለችኝ ደግማ፣ እና ቁልፌን ሰጠችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥልጠናው ተጀመረ። አዳራሹ እንደ ጎሬ ማለዳ ይቀዘቅዛል፤ ማቀዝቀዣው ነው። ግድግዳው ላይ ደብተር የያዘች ሴት ልጅ ሥዕል እየታየ፣ ልጆች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ በቡድን ተወያዩ ተባልን። እኔ ኡካ የሚባል ገጠር አስተምር በነበረበት ጊዜ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ ከሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። እናቷ ስትታመም ቀረች፤ ገበያ ላይ ሳገኛት ጎመን እየሸጠች አንገቷን ደፋች። እሷን ላነሣ አፌን ስከፍት ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አይታ፣ የሻይ ሰዓት አልፎብናል፣ ቡፌው ዝግጁ ነው አለች። የቀረውን ነገ እናነሣዋለን ተባለ፤ ግን አልተነሣም።

ምሽት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ ወንበሮች በግማሽ ክብ ተደርድረው እሳት ተያያዘ። የፊተኛውን ረድፍ ፈረንጆች ያዙት። እኛ ኋላ ተቀመጥን። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ አስተዋዋቂ ወጥቶ በእንግሊዝኛ መናገር ጀመረ። አሁን የምታዩአቸው የዚህ ፓርክ የጥንት ልጆች ናቸው አለ። ከአራዊቱ ጋር ተወልደው ከአራዊቱ ጋር ያደጉ፣ ከተማ የሚባል ነገር ያላዩ፣ ጫማ አጥልቀው የማያውቁ ናቸው አለ። ይህን ሁሉ እያለ ከቁጥቋጦው ጀርባ ጩኸት ተሰማና ሰዎቹ እየዘለሉ ወጡ።

ወገባቸው ላይ ቆዳ ከመታጠቃቸው በቀር ራቁታቸውን ናቸው። ሰውነታቸው በነጭ ሸክላ አፈር ተዥጎርጉሯል፤ ራሳቸው ላይ ላባ፣ እጃቸው ላይ ረጅም ዱላ። መሪያቸው ከሁሉ ረጅሙ ነው። ሲዘል እግሩ እስከ ወንበሩ መደገፊያ የሚደርስ ይመስላል። ፈረንጆቹ በግርምት ተነፈሱ። የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ከጎኔ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። እኔም እንደ ሌላው እያየሁ ነበር። ቆንጆ ይጨፍራል ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያሰብኩት ይህንን ነው።

ጭፈራው ጋብ ሲል አንዲት ፈረንጅ እጇን አወጣች። መሪውን መጠየቅ ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል ተባለ። "መንደራችሁ ውስጥ አንበሳ ይመጣል ወይ? ስታየው ምን ይሰማሃል?" አለችው። አስተዋዋቂው ወደ መሪው ዞሮ ያልሰማሁትን ነገር አንሾካሾከለት፤ መሪው ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በወፍራም ድምፅ መለሰ።

"ቤላኤራ! ደፊ ፊጢ!"

አስተዋዋቂው አንገቱን ነቅንቆ በእንግሊዝኛ ተረጎመ። "አንበሳ ወንድሜ ነው፣ ስንገናኝ እንተያያለን፣ ከዚያም እንተላለፋለን ይላል።"

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። የእኛ ረድፍ ግን በሳቅ ፈረሰ። መሪው ያለው "ርቦኛል፣ ቶሎ ጨርስ" ነው። በኦሮምኛ፣ ያውም በመቱ ኦሮምኛ፣ የመናኸሪያ ልጆች ታክሲ ሲጠሩ በሚናገሩት ድምፅ። ከበደሌ የመጣችው መምህርት እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። እኔ አልሳቅኩም። ድምፁን ለይቼዋለሁ።

ሳቁን ሲሰማ መሪው ወደ ኋላ ረድፍ ተመለከተ። እዚያ ቦታ በዚያ ቋንቋ የሚስቅ ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ። ዓይኑ ከሰው ሰው ሄደና እኔ ላይ ቆመ። ፊቱ ነጭ አፈር ስለነበር ምን እንደሆነ ማየት አልቻልኩም፤ ዱላውን የያዘው እጁ ሲወርድ ብቻ አየሁ። ከበሮው እንደገና ተመታ። ወንድሜም እንደገና ዘለለ።

"ኦቦሌሳ ኬቲ?" አለኝ ሰውዬው፣ ወንድምሽ ነው እንዴ ማለቱ ነው። ስልኩን ግን አላወረደም። "እሱ ነው እኮ! ያ ልጅ ነው!"

ጭፈራው እንዳለቀ ወደ ቁጥቋጦው ጀርባ ሄድኩ። ጥበቃው "እንግዶች ወደዚህ አይገቡም" ብሎ መለሰኝ። የምፈልገው ሰው ወንድሜ ነው አልኩት። "እንግዳው ሁሉ ወንድሜ ነው ይላል" አለኝ። ወደ እራት ገበታው ተመለስኩና ሰውዬውን ፈልጌ አጠገቡ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ያንን የቀረጹትን ያጥፉልኝ" አልኩት።

"ምን ነውር አለበት?" አለኝ እያላመጠ። "ጥበብ እኮ ነው። ባህል ነው።"

"የማን ባህል ነው ጋሼ? ልጁን ያውቁታል። አባቴን ያውቋቸዋል። አባቴ ይህን እንዲያዩት አልፈልግም።"

"ኧረ ለማን አሳያለሁ ብለሽ ነው! በይ ተቀመጪና ብዪ።"

ቆሜ አስቸገርኩት። ሰው ማየት ሲጀምር ስልኩን አውጥቶ ዓይኔ እያየ አጠፋው። "ይኸው፣ ደስ አለሽ?" አለኝ። አመሰገንኩት። ጋላቶማ አልኩት፣ በሁለት ቋንቋ አመሰገንኩት። ከማጥፋቱ በፊት ለዘመዶቹ በቴሌግራም እንደላከው የሰማሁት በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማሩንና ኮቱን ይዤ ከማዕድ ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ልብስ ማስጫው ላይ የእንግዶች አንሶላ እንደ ሸራ ይወዛወዛል፤ ወንድሜ ከሥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ይበላ ነበር። ቲሸርትና ሱሪ ለብሷል። ከስቷል። ሲያየኝ አልተነሣም።

"ለምን መጣሽ?" አለኝ።

"ለሥልጠና ነው። እማዬ ድንገት ሲያይሽ ደስ ይለዋል ብላ ነው ያልደወልኩት።"

"እሺ። አየሽኝ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉንጩን ስስመው ከጆሮው ሥር ያልለቀቀ ነጭ አፈር አየሁ። ለአባባ ኃላፊ ነኝ ማለቱን አነሣሁበት።

"አልዋሸሁም" አለኝ። "የጭፈራው ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሰው በሥሬ አለ። ሥራ አስኪያጅ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።"

ከዚያ ቀስ እያለ ነገረኝ። ሲመጣ እንግዳ መቀበያ ላይ ነበር የተቀጠረው። ያኔ ማታ ማታ የሚጨፍሩት ከወንዙ ማዶ ያሉት የአገሩ ሰዎች ነበሩ። ከብቶቻቸውን ውኃ የሚያጠጡበት መንገድ በሎጁ አጥር ሲዘጋ ተጣሉና መምጣት ተዉ። እንግዶቹ የሚይዙት ወረቀት ላይ ግን ጭፈራ ተብሎ ታትሟል። አንድ ጠዋት አለቃው ሠራተኞቹን አሰለፈና ረጃጅሞቹንና ጠቆር ያሉትን ለይቶ አወጣ።

"እምቢ ብትልስ?" አልኩት።

"ብዬ የት ልሂድ እትዬ? መቱ? ሶር ተማሪ ላወርድ?" ሻዩን ደፋው። "መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ነው አሉ። ከዚያ ፈረንጆቹ ረጅሙ ልጅ፣ ረጅሙ ልጅ አሉ። እንግዳ መቀበያው ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ቀን ቀን ሰው ፊት እንዳልታይ ተነግሮኛል። አየሽ፣ ከተማ አላየሁም እኮ። ሱሪ ለብሼ ቢያዩኝ ይከፋቸዋል።"

"ያ የተናገርከውስ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "በየቀኑ ነው የምናገረው። አስተርጓሚው ኦሮምኛ አይሰማም። አንድ ቀን ይሄ ሰውዬ ጉርሻችንን ይበላል አልኩ፤ አያቶቻችን ከአዞ ጋር ይነጋገሩ ነበር ብሎ ተረጎመው። ሌላ ቀን ዲግሪ አለኝ አልኩ፤ ስለ ዝናብ አምላክ ነገራቸው። ስንት ጊዜ ተናገርኩ፣ የሚሰማ የለም። ትናንት የሚሰማ መጣ።"

ኮቱን አለበስኩት። ትከሻው ላይ ልክክ አለ፤ እጅጌው አልረዘመም፣ አላጠረም። ልጃቸውን ካዩ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሰው በሐሳባቸው ነው የቆረጡት። ወንድሜ እጆቹን ዘርግቶ አየና ቶሎ አወለቀው። የሚሰቅልበት ስለሌለው መልሶ በጋዜጣው ጠቀለለው።

"ምን ልትያቸው ነው?" አለኝ።

"ልኩ ነው እላቸዋለሁ።"

የዚያን ቀን ሠልጣኞቹን በክፍት መኪና ፓርኩን አስጎበኙን። የሜዳ አህዮቹ መንጋ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አስጎብኚው ድምፅ እንዳናሰማ፣ እንዳንነሣ፣ ደማቅ ልብስ እንዳናውለበልብ ለመነን። ይደነግጣሉ አለ። ክብራቸው መጠበቅ አለበት አለ፤ ክብር የሚለውን ቃል ነው የተጠቀመው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ለአህያ እንዲህ መጨነቅ የሚያውቅ ቦታ ስለ ሰው የማያውቅ ሆኖ አይደለም። ያውቃል። አህያው ከደነገጠ ይሸሻል፤ ወንድሜ ግን የሚሸሽበት የለውም፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

መቱ ስንመለስ አባቴ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ሻንጣዬን ነጥቀው ይዘው "እህ?" አሉኝ።

"ልኩ ነው አባባ" አልኳቸው።

"እጅጌውስ?"

"እጅጌውም።"

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ቤት እስክንደርስ ለሁለት ሰው "ልኩ ሆኗል" ሲሉ ሰማኋቸው።

ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከሰውዬው ዘመዶች ወደ ጓደኞቻቸው፣ ከዚያ ወደ ባጃጅ ሾፌሮቹ ስልክ ገባ። አንዱ ሙዚቃ ጨመረበት፣ ሌላው "የመቱ አንበሳ" የሚል ጻፈበት። ከተማው ውስጥ ልጆች እየተያዩ "ቤላኤራ! ደፊ ፊጢ!" እያሉ ይሳሳቃሉ። እኔ ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር ሰማሁት፤ ሰሌዳውን ይዤ ቆምኩ፣ ዞርኩ፣ ትምህርቴን ቀጠልኩ። አባቴ ብቻ አልሰሙም ነበር፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ አለ፣ ሰውም ፊታቸው ዝም ይላል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን ከፍቶ ማየት ጀመረ። አባቴ የልጃቸውን ድምፅ ሰሙ። መኪናውን አቁመው "እስቲ አሳየኝ" አሉት። ልጁ የማን አባት እንደሆኑ አላወቀም ነበር፤ እየሳቀ አሳያቸው። አባቴ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት አሉ። ከዚያ ዚፑን ቀየሩለት።

ቤት መጥተው ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

"አንቺ አይተሽዋል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ አባባ።"

"እና ልኩ ነው አልሽኝ።"

ኮቱማ ልኩ ነበር። በማግስቱ ሱቅ ስገባ ከመተኮሻው በላይ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ ፎቶው የነበረበት ቦታ ከሌላው ነጣ ብሎ ይታያል።

ወንድሜ ለመስቀል መጣ። እንዲመጣ የለመነችው እማዬ ናት፤ አባትህ ረስተውታል ብላ ነው። እኔ አትምጣ ብዬው ነበር። ከተማውን ከመናኸሪያ እስከ ቤታችን ሲያልፍ የገጠመውን አልነገረኝም፤ ግን ባጃጅ እንኳ ሳይዝ በጓሮ መንገድ ዞሮ ነው የገባው፣ ጫማው ጭቃ ነበር።

እንግዶች ነበሩ። ኦቦ የምንላቸው ጎረቤታችን ሽማግሌ፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ከወሎ የመጡ ባልና ሚስት፣ የአባቴ የአገር ልጆች። ክትፎው ቀርቦ፣ ቆጮው ተቆርሶ፣ ሰው በላ። አባቴ ከሁሉም ጋር ያወራሉ፣ ይጫወታሉ፣ ወንድሜን ግን አያዩትም። ዕቃው ሲነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሱ ዞሩ።

"እስቲ ተነሣና አሳየን" አሉት።

"ምኑን አባባ?"

"ለፈረንጅ የምትዘለውን። ለእኛስ? እኛ አናይም? ወይስ እኛ አንከፍልም ብለህ ነው?"

አንድ ሁለት ሰው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እማዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ሽማግሌው ኦቦ እጃቸውን አንሥተው "ዲሲ፣ ዲሲ ማሎ! ተው እባክህ፣ በዓል ነው" አሉ። አባቴ አልሰሟቸውም።

"ተነሣ አልኩህ።"

ወንድሜ ተነሣ። ጫማውን ፈታና ካልሲውን ከውስጡ ከተተ። ሸሚዙን አውልቆ ወንበሩ ላይ አጣጠፈው። በሩ ጥግ የተደገፈውን የመጥረጊያ እንጨት አንሥቶ ሳሎኑ መሐል ቆመ። ከዚያ ያንን ዜማ ጀመረ፤ ከወንዙ ማዶ ካሉት ሰዎች የተማረውን፣ የእኛ ያልሆነውን፣ ማንኛችንም ቃሉን የማናውቀውን። እየዘለለ ነበር፤ ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ይደርሳል፤ ብርጭቆዎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አልቀለደም። አላሳጠረም። ሎጁ ሜዳ ላይ ያየሁትን አንዱንም ሳይቀንስ አደረገው። ላቡ ጀርባውን ያወርደዋል። አባቴ መጀመሪያ ያዩት ነበር፤ ከዚያ መሬት አዩ። በቃህ ለማለት አፋቸውን ከፍተው የዘጉ መሰለኝ፤ በቃህ ግን አላሉም። ማንም አላለም፤ እኔም አላልኩም።

ሲጨርስ እንጨቱን ከወሰደበት መልሶ አስቀመጠ። ደረቱ እየተነፋ ወደ አባቴ ዞረ።

"ፈረንጆቹ እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ" አላቸው።

ሸሚዙን ለበሰና ወጣ። የዚያን ቀን ጓደኛው ቤት አደረ፤ ንጋት ላይ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ። እማዬ መሄዱን ሳታውቅ፣ ጓሮ የተቀመጠ መስሏት ቁርሱን ይዛ ፈልጋዋለች።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ መቱን አልረገጠም። ሎጁም ብዙ አልቆየም፤ አገሩ ሲረበሽ እንግዳ ጠፋ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ አሁን ድንኳኖቹ ውስጥ ዝንጀሮ ይኖራል ይላል። እሱ ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ይሸከማል። አግብቷል፤ ወንድ ልጅ ወልዷል። የሚደውለው ለእኔ ነው፣ ስልኩን ለእማዬ እሰጣታለሁ፣ እሷ ስለ ልጁ ጥርስ ትጠይቀዋለች። አባቴ በዚያ ሰዓት ከክፍሉ ይወጣሉ፤ ደጅ ቆመው ግን ይሰማሉ።

ቪዲዮውን የቀረጸው ሰውዬ ደህና ነው። እንዲያውም ተሾመ። ጽሕፈት ቤት ስሄድ ወንበር ይስብልኛል፣ የአባቴን ጤና ይጠይቀኛል። አንድ ጊዜ ደፍሬ "ጋሼ፣ ያ ቪዲዮ ቤታችንን አፈረሰው" አልኩት። በጣም አዘነ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። "ዘመኑ ነው ልጄ" አለኝ። "ቴክኖሎጂው ነው።" ቪዲዮውን የላከው ጣት የማን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቀውም። ሌላ ሥልጠና መጥቷል፣ እንደዚያው ሎጅ ነው፣ ልላክሽ ወይ ብሎም ጠይቆኛል። የልጆች ፈተና አለብኝ አልኩት።

ባለፈው መስቀል አባቴ ሱቁን በጊዜ ዘግተው መጡ። አርጅተዋል፤ መርፌያቸው ላይ ክር የምሰካላቸው እኔ ነኝ። እማዬ ማዕድ ቤት ነበረች፤ እኔ ቆጮውን እቆርሳለሁ።

"ይመጣል?" አሉኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። "አይመጣም አባባ" አልኩ።

የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይነካካሉ።

"እኔ እኮ ያን ጊዜ ቀልዴን ነበር" አሉ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ቀልድ አለመሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሳሎኑ ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ የማይመለስ ነገር እንደምናገር ተሰማኝና ሳህኑን አንሥቼ ወደ እማዬ ሄድኩ። አባቴ እዚያው ቀሩ። ስመለስ እንግዶቹ መምጣት ጀምረው ነበር፤ አባቴም ደጅ ቆመው በየቋንቋቸው እንኳን አደረሳችሁ ይሏቸው ነበር።